ከቆቦ ኮምቦልቻ ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1966

አውሮፕላኑ 4 ከ10 ላይ አረፈ። 4 ከ40 ተነሳ። ሦስት ሰው አወረደ፣ አምስት ጫነ። ልክ 5 ከሩብ ሲሆን የኮምቦልቻው የአየር መንገድ ባልደረባዬ ከበደ በራዲዮ ጠራኝና «ገባልህ» አለኝ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ንፋስ ካልከፋ በቀር ዝንፍ አይልም።

ከሰዓት ሻይ ቤት ገባሁ። አንድ የጎብዬ በርበሬ ነጋዴ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ ሲንገላታ መዋሉን ያማርራል። አላስቻለኝም። «እኔ ጋ ብትመጣ ኖሮ የያዝከው ሻይ ሳይበርድ ኮምቦልቻ ነበርክ» አልኩት። በመኪና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ በአየር ግን መቶ ሃያ ብቻ። ሰዉ ሁሉ «አጃኢብ!» አለ። ጉራ ነው መቼስ… ግን ደስ ይለኛል። በዚህ ከተማ ደቂቃ የሚቆጥር ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ጠዋት ግን ተናድጄ ነበር። ዘበኛችን አራጌ ገና ቢሮውን ሳልከፍት መጥቶ «ጌታዬ፣ ከሜዳው ጫፍ ዛሬም ሁለት ሬሳ አለ» አለኝ። ጮህኩበት። «ጠዋት ጠዋት የሞተ ሰው ወሬ አታምጣብኝ! ለማዘጋጃ ቤት ንገር። ሬሳ የሚያጥቡት ሼህ አብዱሰመድ አሉ፣ ለሳቸው ንገር። እኔ የአውሮፕላን ሰው ነኝ» አልኩት። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሄደ። ምን ላድርግ? ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ ከቆላ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይተኛል። አውሮፕላን ሲደርስ አራጌ በዱላ ያስነሳቸዋል። አምና ከብት ነበር የሚያባርረው። ዘንድሮ ከብት የለም።

አመሻሽ ላይ አንድ የዋጃ ሰው ቤቴ ድረስ መጣ። ከታላቅ እህቴ ከኡሙሃኒ መልእክት ይዞ። ከዋጃ በታች ቆላው ውስጥ ነው ኑሮዋ። ከብቱ አልቋል። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሁመራ እንደሄደ ቀረ። ልጇ መይሙና በተቅማጥ ታማለች። «ምን ላድርግ በልልኝ» ብላለች። እቴ ኡሙሃኒ እኮ ምን ላድርግ ብላ አታውቅም…

ወዲያው መለስኩ። በዓመት ሁለት ነጻ ትኬት አለኝ፣ ለቤተሰብ። እስካሁን አልነካሁትም። «የሚመጣው ማክሰኞ አውሮፕላኑ ሳይደርስ ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ ደሴ ሆስፒታል እንድትታይ በአውሮፕላን እሰድሻለሁ። ቤት ቀይረናልና ከተማ ውስጥ አትንከራተቺ፣ ቀጥ ብለሽ ወደ ሜዳው ነይ። እንጨቱ ላይ ለንፋስ ምልክት የተሰቀለውን ነጭ ጨርቅ ታውቂዋለሽ፣ ከሩቅ ይታያል፣ እሱን እያየሽ ነይ በላት» አልኩት።

ራህመት ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቃ «ራስህ ሄደህ አታመጣትም?» አለችኝ። ሚስት መቼም ሥራ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ትኬቶቹን ጻፍኩ። ክብደት የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። እኛ ጋ ሰውም እንደ ዕቃው ይመዘናል፣ አውሮፕላኑ ከልኩ በላይ አይጭንም። ባለፈው አረፋ እቴ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ ለጨዋታ ሚዛኑ ላይ አውጥቻት ነበር። «እንደ ማሽላ ልትሸጠኝ ነው?» ብላ ሳቀች። 58 ኪሎ። መይሙና 17። የደብተሩ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ።

መልእክተኛው ትናንት ተነሳ። ዛሬ ይደርሳል። ነገ ጁምዓ ነው፣ ትዘጋጅ። ቅዳሜ ማልዳ ብትነሳ ለመግሪብ እዚህ ናት። ልጅ አዝላ ብትዘገይ… እሑድ። ቢበዛ ቢበዛ እሑድ። ሁለት ቀን ይተርፋል።

ራህመት ዛሬም አልተወችኝም። «በቅሎ ተውሰህ ሂድ እንጂ ሰውዬ!» ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የአየሩን ሁኔታ ለኮምቦልቻ ሳልናገር ብቀር ማን ሊናገርልኝ ነው? አንቺ ትናገሪያለሽ? አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

አልመጣችም። ነገ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 25

አልመጣችም።

በዋጃ መንገድ ልቀበላት ወጣሁ። መውጣቱን ባልወጣሁ… ሁልጊዜ ሜዳው ላይ ተኝተው ነው የማያቸው። ሲራመዱ አይቼ አላውቅም ነበር። ያረቢ! ይሄ ሁሉ ሰው እየመጣ ነው እንዴ?

አንዱ በስሜ ጠራኝ። አላወቅኩትም። የዋጃው ከብት ነጋዴ ነው! አምና አሳፍሬው 84 ኪሎ መዝኖ «ለአንተስ ሁለት ትኬት ነው የሚቆረጥ» ብዬ የቀለድኩበት ሰውዬ። አንገቱ ላይ ያለው ቆዳ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ዳቦ ይለምነኛል ብዬ ስጠብቅ «ውሃ ይዘሃል?» አለኝ። አልያዝኩም። ኪሴን ዳበስኩ፣ እንደ ቂል። በኪስ ውሃ ይያዛል?

ልማዴ ነው መቼስ፣ ሰዓቴን አየሁ። አንዲት ሴትዮ ከአንዱ የስልክ እንጨት ተነስታ ሌላው ጋ እስክትደርስ ያዝኩባት። ሩብ ሰዓት። ከእንጨት እስከ እንጨት ሃምሳ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ አካሄድ ከዋጃ እዚህ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማስላት ጀመርኩ… ተውኩት።

ለምን በቅሎ አልተዋስኩም?

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከበደ ጠዋት በራዲዮ፦ ነገ አውሮፕላኑ መንገደኛ አይዝም። ለተቸገረው ሰው ዱቄትና የወተት ዱቄት ነው የሚያመጣ፣ ሃያ አምስት ኩንታል። ሲመለስ ባዶ ስለሆነ በሽተኛ ካለ ይጭናል። «ነጅሙ፣ የእህትህ ነገር ተሳካልህ» አለኝ። አልሐምዱሊላህ። ብትመጣ…

ማታ እስከ መግሪብ ሜዳው ላይ ጠበቅኩ። ወዲያ ወዲህ ስል፣ በተኛው ሰው መሐል እግር ማስገቢያ የለም። ጨርቁ ከተሰቀለበት እንጨት ሥር ድረስ ሞልተዋል። አንገቴን እያሰገግኩ መንገዱን አየሁ። ሰዓቴን አየሁ፣ 12 ከሩብ። ከዚህ በኋላ በጨለማ አትመጣም ብዬ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

ጨርቁ ተሰርቋል!

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀና ብል እንጨቱ ባዶ ነው። ሲመጣ ብርቱካንማ ነበር፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ ርዝመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደህና ሸራ። የኔ ራዲዮ ከኮምቦልቻ ጋር እንጂ ከአውሮፕላን ጋር አያነጋግርም፣ ስለዚህ አብራሪው ንፋሱ ከየት እንደሆነ የሚያውቀው ያን ጨርቅ አይቶ ነው። አራጌን አንቆ መግደል ነው የቀረኝ። «ማን ወሰደው?» «እንጃ ጌታዬ» ይላል፣ መሬት መሬት እያየ። «የወሰደው እጁ ይቆረጥ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እንግዲህ ጨርቅ ከሌለ ጭስ ነው። ድሮም እንዲህ ነበር የምናደርገው። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከሜዳው ጫፍ ኩበት ከምሬ አነደድኩ፣ እርጥብ ቅጠል ጣልኩበት። ጥሩ ጭስ ወጣ፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከሩቅ የሚታይ። ደስ አለኝ።

መጀመሪያ የተኙት ተነሱ። ከዚያ ከመንገዱ… ከቁልቋሉ ሥር… ከወንዙ በኩል… ከየት ነው የሚመጡት? መራመድ ያቃታቸው እየተንፏቀቁ፣ የሚራመዱት እየተደጋገፉ። «ተመለሱ! አውሮፕላን ሊመጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የሚሰማኝ የለም። አንዲት አሮጊት ቅል ይዛ አጠገቤ ደረሰች። እሳቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ልጄ፣ ንፍሮው በሰለ?» አለችኝ።

አላህ ይቅር ይበለኝ። ለካ በዚህ ቆላ የሚጨስ ቤት ከጠፋ ስንት ጊዜው! ጭስ ካለ የሚበስል አለ ብለው ነው። እኔ ነኝ የጠራኋቸው! በገዛ እጄ!

አውሮፕላኑ 4 ከ10 መጣ። ሜዳው ጥቁር ብሏል፣ መሬት አይታይም። አንድ ጊዜ ዞረ። ዝቅ ብሎ ሁለተኛ ዞረ። ሰዉ ወደ ላይ እጁን ዘረጋ። አራጌ ዱላውን ጥሎ በእጁ ይገፋል፣ እኔም እገፋለሁ፣ የምንገፋው ሰው ይወድቃል፣ ከወደቀ አይነሳም። ሦስተኛ ዞረ… ከዚያ ወደ ደቡብ አቀና። 4 ከ22።

ዱቄቱን ይዞት ሄደ። ሃያ አምስት ኩንታል ከራሳችን በላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ሄደ!

4 ከ57 ላይ ከበደ፦ «ከነጭነቱ ተመልሷል። ምን አደረግክ ነጅሙ?» ምን ልበለው? «ትሰማለህ? ትሰማለህ?» ይላል።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

አሮጊቷ አሁንም አመዱ አጠገብ ተቀምጣለች። ኩበቱን በእንጨት ትገላልጣለች። ቤት ሄጄ ቂጣ አምጥቼ ሰጠኋት። ያየው ሁሉ ከበበኝ። ሸሸሁ። ሌላ ምን ይባላል፣ ሸሸሁ።

ኡሙሃኒም አልመጣችም። እሷማ ባትመጣ ይሻላት ነበር ዛሬ…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

አብራሪው «ሜዳው አያሳርፍም» ብሎ ጽፏል። ከበደ ለምኖ ለቅዳሜ አንድ ሙከራ አስፈቅዷል። ያኔም ካልሆነ ዱቄቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። «ሜዳውን አጽዳ፣ የንፋስ ምልክት አቁም» አለኝ። በምን? ሌላ ጨርቅ ለማክሰኞ እንጂ አይደርስም። ጭስ እንደሆነ በሕይወቴ ሁለተኛ አላነድም።

ሌባው! እሱ ባይሰርቅ እሳት አላነድም ነበር። ባላነድ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቀኑን ሙሉ ስረግመው ዋልኩ። አራጌ ዓይኔን አያየኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

እንደምንም ልጻፈው።

ሰዉ የሚሰማቸው ሼህ አብዱሰመድን ነው ብዬ ሜዳውን እንዲያስለቅቁልኝ ልለምናቸው ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እጁ ይቆረጥ ብለሃል አሉ። ይኸው፣ ቁረጥ።»

አልገባኝም።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ አራጌ ጠራኝ። ከእንጨቱ ሥር አንዲት ሴት ሞታለች። የለበሰችው አልቆ ገላዋ ይታያል። ከፈን ካለቀ ስንት ሳምንታችን፣ በጆንያ ነው የምንቀብር፣ ጆንያውም አለቀ። ሙስሊም ናት፣ ሴት ናት፣ ራቁቷን እንዴት ልቅበራት? ቀና ስል ያ ጨርቅ ከላይዋ አለ። አራጌን አውርድልኝ አልኩት። ይቅር በለኝ ልጄ።»

እንጨቱ ሥር… ጨርቁን እያየሽ ነይ…

«ምን ትመስላለች?» አልኩ።

«ምን መልክ ቀርቶ? ልጇ ናት የቀረችው። እውስጥ አለች።»

ገባሁ። ቁርበት ላይ ተኝታለች። ዓይን ብቻ። አላወቅኳትም። እሷ አወቀችኝ። «አጎቴ» አለችኝ። መይሙና ናት። 17 ኪሎዋ መይሙና።

«እማ ‹ያ ጨርቅ ጋ ከደረስን ደረስን› አለችኝ። ደረስን» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አርፋ «ስትዞር አየንህ። ሰዓትህን ስታይ። እማ ጠራችህ። ድምጿ አልወጣም» አለች።

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሰኞ 12 ከሩብ። አጠገቧ ቆሜ ሰዓት አየሁ። እህቴን ረግጬ አልፌ መንገድ መንገድ አየሁ። ሲነጋም የተከፈነችበትን ጨርቅ ሌባ ብዬ ረገምኩ። ወይኔ እቴ! ወይኔ እናት ዓለም!

«ጨርቁ እስከ እግሯ ደረሰ?» ብዬ ጠየቅኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ደርሶ ተርፏል» አሉኝ ሼኹ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

መይሙና እኛ ቤት ናት። ራህመት በማንኪያ የስኳር ውሃ ታጠጣታለች፣ ትመልሰዋለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያት። ደሴ ሆስፒታል ካልገባች አትተርፍም አለ። በአውቶቡስስ? ስለው ራሱን ነቀነቀ። ሙሉ ቀን መንገላታት አትችልም። ስለዚህ ነገ ነው። ነገ አውሮፕላኑ ካላረፈ የኡሙሃኒ ልጅ ትሞታለች።

ራህመት «ሂድ ብዬህ ነበር» ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አራጌን ጠራሁት። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ቆቡን አውልቆ ቆመ። «የሞተ ሰው ወሬ አታምጣብኝ ብለውኝ ጌታዬ» አለ።

ከጁምዓ በኋላ ሼህ አብዱሰመድ መስጊድ በር ላይ ቆመው ተናገሩ። «ነገ ሜዳው ላይ ሰው ከቆመ ዱቄቱ አይወርድም። ከዳር እንቀመጣለን፣ ወርዶ እስኪያልቅ ማንም አይነሳም» አሉ። አራጌም ለክርስቲያኖቹ በቄሱ በኩል አስነገረ። ይሰሙን ይሆን? የራበው ሰው ዱቄት እያየ ይቀመጣል? እኔ ብሆን እቀመጣለሁ?

ወደ ማታ ሼኹ ትንሽ ጥቅል ይዘው መጡ። አዲስ አቡጀዲ፣ እጥፋቱ ላይ ቢጫ የሆነ። የራሳቸው ከፈን ነው። ስምንት ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ። «ለስንቱ ሰው የቤቴን ጨርቅ ሁሉ ሰጥቼ ይሄን ብቻ ሸሸግኩ። ለእህትህም ይሄን መስጠት ሲገባኝ ያንተን አወረድኩ። ነፍስ ትጣፍጣለች ልጄ… ውሰድና ስቀለው» አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። እሳቸውም የኔን።

ራህመት በእጇ ሰፋችው፣ እንደ ከረጢት፣ አንድ በኩል ሰፊ፣ አንድ በኩል ጠባብ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

እንጨቱ ላይ ነጭ ጨርቅ። ንፋስ ከምሥራቅ፣ ቀላል። ለከበደ ነገርኩት።

ሰዉ በሁለቱም ዳር ተቀምጧል። ስንት ሺህ እንደሆነ እንጃ። ሼኹ በአንዱ ወገን፣ አራጌ በሌላው፣ ዱላ ሳይዝ። ድምፅ የለም። የልጅ ለቅሶ እንኳ የለም፣ ልጆቹ ለማልቀስ አቅም የላቸውም።

4 ከ10 መጣ። አንድ ጊዜ ዞረ። ዝቅ አለ… ጎማው መሬት ነካ። ዱቄቱ ተራገፈ፣ የተነሳ ሰው የለም። አንድም። አብራሪው መሰላሉ ላይ ቆሞ ያያል፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

መይሙናን ሚዛኑ ላይ አስተኛኋት። ሕግ ነው። 10 ኪሎ። ትኬቷ ላይ ጻፍኩ። በእናቷ ትኬት ራህመት ገባች። ስሙን ስሰርዝ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

4 ከ48 ተነሱ።

ራዲዮው ፊት ተቀመጥኩ። 4 ከ55። ዛሬ መርዶ ሰምተው ጎረቤቶች ቤት ይጠብቁኛል፣ አልሄድኩም። 5 ሰዓት። ይሄ ሰዓት ቆሟል እንዴ? ጆሮዬ ላይ ያዝኩት፣ ይሠራል። 5 ከ9። ሻይ ሳይበርድ ነበር ያልኩት? ማን ነው እንደዚያ ያለው! ጠጥተው፣ ቀዝቅዞ፣ ደግመው ቢቀዱት አያልቅም ይሄ ደቂቃ። 5 ከ18… 

5 ከ23።

«ገባልህ» አለ ከበደ።

«ልጅቷስ?»

«ቆይ» አለኝ። ሄዶ ሊያይ ነው። ራዲዮው ሽ… ይላል። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፣ ሰዓቴን ማየት ፈራሁ።

«ትተነፍሳለች። መኪና ውስጥ አስገባኋቸው» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከሐሙስ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ከበደ ጠዋት፦ ራህመት ሆስፒታል አብራት አለች። መይሙና ትናንት ወተት ጠጥታ ሆዷ ያዘላት። ሐኪሙ ገና ነው ብሏል። ገና ነው ማለት ምን ማለት ነው? ብቻ ይዞላታል።

የኡሙሃኒ መቃብር ላይ ድንጋይ አቆምኩ። ሼኹ ቦታውን ባያሳዩኝ አላገኘውም ነበር፣ አጠገቧ ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ዛሬም ዱቄት ወረደ። አዲሱ የንፋስ ጨርቅም አብሮ መጣ፣ ብርቱካንማ።

አራጌ ጠዋት ከቢሮው ውጭ ቆሞ ነበር። ሰላም ብሎኝ ሊሄድ ሲል ጠራሁት።

«ዛሬ የሞቱት ስንት ናቸው?» አልኩት።

ደነገጠ። «ሦስት» አለ።

«ስማቸውን ጠይቀሃል?»

«የሁለቱን ቤተሰብ ነግሮኛል። አንዷ ብቻዋን ናት፣ የሚያውቃት የለም።»

የሁለቱን የመንገደኞች ደብተር ላይ ጻፍኩ። ስም የሚለው ቦታ ላይ ስማቸውን፣ መነሻ የሚለው ላይ አገራቸውን። ክብደቱን ተውኩት። ለሦስተኛዋ «አንዲት ሴት» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ አዲሱን ጨርቅ ሰቀልኩ። ነጩን አወረድኩ። ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ፣ እንደ ከፈን አጠፍኩና ለአራጌ ሰጠሁት። ወዴት እንደሚወስደው አልጠየቀኝም።